ኮከብ ቆጥራ ነው

ደባርቅ ሐኪም አጥታ አታውቅም። ሳይመረምር በሽታ የሚለይ ሰው ከፈለጋችሁ በየደጃፉ ቆሟል። ለመድከም የምትገደዱት መርምሮ የሚናገር ስትፈልጉ ብቻ ነው፤ እሱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ያለምወርቅ ከመናኸሪያው ማዶ ምግብ ቤት ከከፈትሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ሰው ሕመም ተጠይቆ "እኔ እንጃ" ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። በእህቴ ልጅ በእስከዳር ቆዳ ላይ ደግሞ ያልተራቀቀ የለም። ከተራቀቁት ሁሉ የባስሁት እኔ ነኝ። ይሄን እኔው ልቅደም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ይሻላል።

እስከዳር ዛሬ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ቡይት ራስ ካሉት ሎጆች ባንዱ ወጥ ቤት ትሠራለች። ፈረንጆቹ ምስሯን ቀምሰው ሠሪዋን አሳዩን ይላሉ አሉ፤ እሷም ሽርጧን እንዳደረገች ወጥታ እጅ ነስታ ትመለሳለች። ግንባሯ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ ካላስተዋላችሁ አታዩዋቸውም። ደባርቅ ግን ማስተዋል ሥራዋ ነው።

እናቷ መሰረት ታናሼ ነበረች። ያገባችው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እስከዳር በ1989 እንደተወለደች ሊማሊሞን ወረደ፣ እንደወረደም ቀረ። ገደል ገብቶ እንዳይመስላችሁ! ሽሬ ሌላ ትዳር ነበረው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ ብለው ነገሩን፤ በምን እንደሞተ ማንም አልነገረን፣ እኛም ጨዋዎች ነንና አልጠየቅንም።

በ1993 መሰረት ከግንባሯ እስከ ዓይኗ ድረስ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ያ ውኃ የሚቋጥር፣ እንደ እሳት የሚለበልብ ሽፍታ ነው። እሷ ከሕመሙ ጋር ስትታገል ጎረቤቱ ከትርጉሙ ጋር ታገለ። በሁለት ቀን ውስጥ "ያ በሽታ" እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ እኛ ሳናውቅ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ የጠጣችበትን ኩባያ ለብቻው የሚያጥብ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር በአመድ የሚፈትግ በዛ። ስትሞት አስተዛዛኙ በሩ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብሎኝ ሹልክ አለ። በጣም ተቆጣሁ። ነገር ግን ከዚያ ንዴት የያዝሁት ትምህርት የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ጨካኝ ነው ማለት ሲገባኝ፣ ቆዳ ወሬኛ ነው ብዬ አረፍሁት።

እስከዳር ስትቀርልኝ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ትኩሳቱ፣ ሳሉ፣ መክሳቱ ሲደጋገም በዘጠኝ ዓመቷ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ ደሟን አዩ፤ ከእናቷ የወረሰችው ቫይረስ ተገኘ። ደግነቱ ያኔ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀምሮ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ነርሷ ሲስተር ሃና አጠገቧ ተቀምጣ ነገሩን በልጅ ቋንቋ ነገረቻት። እስከዳር እስከ መጨረሻው ሰማችና "እኔ ምን አጥፍቼ ነው?" አለች። "ምንም" አለቻት ሲስተር ሃና። እኔ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስሁ። ፊቴን ጠርጌ ስመለስ ግን የመጀመሪያ ቃሌ "ለማንም እንዳትናገሪ" የሚል ነበር።

መድኃኒቱን የት እንደደበቅሁት ልንገራችሁ፤ ብልጠቴን አድንቁልኝ። አብሽ ጣሳ ውስጥ! አብሽ የሚሰርቅ ሌባ፣ አብሽ የሚፈትሽ ጎረቤት ደባርቅ ላይ አልተፈጠረም። ጠርሙሱ ሲነሳ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጎሰጎስሁበት፤ ወረቀቱን ላጥሁት። ድንገት ያየ ሰው ቢጠይቅ "የአስም ነው" የሚል መልስ ነበረኝ። መዋጫ ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ነው። የጠዋቱ አያስቸግርም። የማታው ግን ቤቴ በሰው ሞልቶ ከሚተራመስበት ሰዓት ጋር ገጠመ።

ሊማሊሞን በጨለማ የሚወርድ ሕይወቱ የሰለቸችው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሽሬ የሚያልፉ ሾፌሮች ደባርቅ ያድራሉ፣ እኔ ጋም ይበላሉ። ከ1998 ጀምሮ የማይቀረው ደንበኛዬ አንዳርጋቸው የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ትልቅ ሰው፣ ቁጥብ፣ ጨው በዛ ብሎ የማያውቅ። አንድ አመል ብቻ ነበረው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ "ጎማ ልይ" ብሎ ይወጣል። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጥል ጎማውን ሳያይ አያመሽም። ረዳቶቹ ይስቁበታል፤ እኔም "ምነው፣ ይሄ ሰው ሚስቱን እንዲህ ቢያያት" እያልሁ አብሬ እስቅ ነበር።

በ1998 የጀመረችው መድኃኒት ልጄን አፋፋት። በዓይናችን ፊት አደገች፤ ትምህርቷን ያዘች፤ አፏም ሰላ፣ ያው የእኔ ልጅ አይደለች? በ2003 ግን፣ አሥራ አራት ዓመቷ ላይ፣ በእጇ ጀርባ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ኪንታሮቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሁለት ነበሩ፣ አምስት ሆኑ፣ ጣቶቿን ሞሉ። ከዚያ ግንባሯና አንገቷ ላይ ነጣ ያሉ፣ ጠፍጣፋ፣ ቋቁቻ የሚመስሉ ወጡ። እኔ ያንን ሳይ የታየኝ የመሰረት ፊት ነው። "አለቀልን! ይቺንም በቁሟ ሊቀብሯት ነው" አልሁ።

መድኃኒታችን ከጎረቤቴ ከአበባየሁ አፍ መጣ። አበባየሁ በአጥር የምንገናኝ፣ እሳት የምንጫጫር ጎረቤቴ ናት፤ ደግ ናት፣ ደግነቷ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ ቀን ጠዋት የእስከዳርን እጅ ያዝ አድርጋ ገለበጠችና "አንቺ! ኮከብ ቆጥረሻል አይደል?" አለቻት።

እኛ አገር ልጅ ሌሊት ወጥቶ ኮከብ ከቆጠረ በቆጠረው ልክ ኪንታሮት ይወጣበታል ይባላል። እኔም በልጅነቴ በዚሁ ስፈራራ አድጌአለሁ። የዚያን ዕለት ግን አበባየሁን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ። አስቡት፤ ሰፈሩ ራሱ በሽታውን አገኘ፣ ራሱ ምክንያቱን ሰጠ፣ እኔ ምንም አልዋሸሁም! "አዎ እኮ! ስንቴ ተይ ብያት!" አልሁ። ዋሸሁ ማለት ነው እንግዲህ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ? በየጠዋቱ ጓሮ ወጥቼ አጥሩን አሻግሬ እጮኻለሁ፤ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ስትቆጥሪ አደርሽ? የሰማዩ ጌታ ቁጥሩ ጠፍቶት ነው እንዴ አንቺን የቀጠረሽ?" ልጄ እኮ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተጠቅልላ የምትተኛ ናት፤ ጣሪያውን እንኳ ቆጥራ አታውቅም። የግንባሯን ደግሞ ቋቁቻ ነው አልን። የድኝ ሳሙና አመጡላት፣ ሎሚ አመጡላት፤ ፊቷ እስኪቀላ ተፈተገች። ትምህርት ቤት አንዷ "እጅሽን ዘርጊና ሰማዩን እንቁጠርልሽ" ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችባት።

ማታ ቤት መጥታ "እትዬ፣ ያ የጠዋት ጩኸት ቢቀርስ?" አለችኝ።

"ያ ጩኸት ነው የሚያኖርሽ" አልኋት።

ሲስተር ሃና ጋ ስንሄድ ኮከብ ምናምን የሚባል ነገር አልሰማችም። ግንባሯን በባትሪ አይታ "ቋቁቻም አይደለም። ይሄም ኪንታሮት ነው፤ ጠፍጣፋው ዓይነት። የኪንታሮት ቫይረስ ማንንም ይይዛል፤ እንዳንቺ ሌላውን ቫይረስ ከእናታቸው የወረሱ ልጆች ላይ ግን ይበዛል፣ ቶሎም አይለቅም። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ሜዳው ለእሱ ይሆናል" አለች። ቀጥላ እስከዳርን "መድኃኒትሽን ትዘያለሽ እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። እስከዳር መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ "አልዘልም" አለች። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ጤና ጣቢያ እንደሷ ያሉ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከዳባት የሚመጣ አንድ ልጅ ግንባሩ እንደሷው ነበር። "አንቺም ቆጥረሻል?" አላት። "አንተ የዳባቱን ሰማይ ቁጠር፣ የደባርቁ የኔ ነው" አለችው። ይሄን ስትነግረኝ ከት ብላ ሳቀች። ከብዙ ወር በኋላ ፊቷ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ግን ምን አልኋት? "ከዚያ ልጅ ጋ መንገድ ላይ እንዳትቆሚ፤ ሁለት ግንባር ባንድ ላይ ካዩ ይነቁብናል።" አያችሁልኝ አስተዳደጌን።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። በ2005 ከፋሲካ በኋላ አበባየሁ ደስ ብሏት መጣች። የስድስት ዓመት ልጇ ትርንጎ ጉልበቷ ላይ ሁለት ኪንታሮት አውጥታለች፤ ትርንጎም ሰማይ ቆጥራለች ማለት ነው። ስለዚህ ከዳባት በኩል ወጌሻውን አያ አለኸኝን አስጠርታለች። አያ አለኸኝ አጥንት ይጠግናሉ፣ እንጥል ይቆርጣሉ፣ ኪንታሮት ደግሞ ይነቅላሉ። "የሰፈሩን ልጆች ባንድ ቀን እንጨርሳቸዋለን። እስከዳርን ሳላስቆጥር የምቀር መሰለሽ?" አለችኝ።

የአያ አለኸኝ አሠራር እንዲህ ነው። ኪንታሮቱን በበቅሎ ጭራ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ሦስት ቀን ይቆያል። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሁሉንም ልጆች ሰብስበው በምላጭ ይቆርጡና ቁልቋል ሲሰበር የሚወጣውን ነጭ ወተት ጠብ ያደርጉበታል። ምላጩ አንድ ነው። "በሁለት ምላጭ ከተቆረጠ ካንዱ ልጅ ሸሽቶ ሌላው ላይ ይሰፍራል። ባንድ ምላጭ ባንድ ቀን ከተቆረጠ ግን ዘሩ ይጠፋል" ይላሉ። የሰፈራችን የጭነት በቅሎዎች ጭራ ተነቅሎ ተነቅሎ፣ የፈረንጆቹን ዕቃ ጭነው ወደ ጊች ተራራ ሲወጡ ዝንብ እንኳ መከላከል አቅቷቸው ነበር አሉ።

አበባየሁ "አንድ ምላጭ" ስትለኝ የታየኝ የእስከዳር ደም ነው። ግን ምን ልበል? እስከዳርን አልሰጥም ብል፣ ለምን? ኮከብ ቆጥራ ነው እያልሁ ሁለት ዓመት የጮኽሁት ራሴ! ለኮከቡ በሽታ የኮከቡ መድኃኒት ደጄ ድረስ መጣልኝ። "እሺ" አልሁ።

እስከዳር ስትሰማ "አልሄድም" አለች። "እትዬ፣ ምላጭ እኮ ነው። ደም እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። መጨረሻ ትሆኛለሽ። ካንቺ በኋላ ማንም አይቆረጥበትም። አዲስ ምላጭም ገዝቼ በጉያዬ እይዛለሁ" ብዬ ለመንኋት። "እናትሽን ያደረጓትን እንዲያደርጉሽ ነው የምትፈልጊው?"

ይሄን ስላት እሺ አለች። በእናቷ መጣሁባት፣ ሌላ ምን ትበል? ጭራው ታሰረላት፤ ሦስት ቀን ጣቶቿ አብጠው ሰነበቱ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አበባየሁ ግቢ ደረስን። አምስት ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ጋቢ ለብሰው ግንቡ ሥር ተደርድረዋል። አያ አለኸኝ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምላጫቸውን ከወረቀት አወጡ። እኔ ጠጋ ብዬ "አያ፣ የኔዋ ትንሽ ፈሪ ናትና መጨረሻ ብትሆንልኝ" አልኋቸው።

"እንዴት ይሆናል? ትልቋ ከፈራች ትንንሾቹ መቼ ይቆሙልኛል? ነይ አንቺ፣ ቅደሚ!" አሉ።

"እንግዲያው ባዲስ ምላጭ፤ ይኸው ይዣለሁ።"

"ምላጭ ሁለት አይሆንም አልሁ እኮ!"

ይሄን ሁሉ እየተነጋገርን እጇን ይዘው ነበር። እኔ ሌላ ቃል ሳልጨምር ሽው አደረጉት። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ይሄንንማ አልክድም። ደሟ በጣቷ ወረደ። ምላጩን በቅጠል ጠረግ አደረጉና "ቀሪውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእነዚህ ድፍረቱን ታሳያቸው" ብለው "ነይ የኔ እናት" አሏት ትርንጎን። ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷን ሰጠች። አበባየሁ ጭንቅላቷን ትደባብሳለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ጉያዬ ውስጥ ያለውን አዲስ ምላጭ ጨብጬ ቆምሁ። ይሄን ሁሉ ሰው በነገር የምሸነቁጠው ሴትዮ አንዲት ቃል አጣሁ።

"አያ፣ ቆዩ" አለች እስከዳር። "ምላጩን ጣሉት።"

"ምን ሆንሽ ደግሞ?"

"ደሜ ነክቶታል። ኤችአይቪ አለብኝ። ከእናቴ ነው የወረስኩት፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው ያለብኝ። ይሄ እጄ ላይ ያለው ከኮከብ የመጣ አይደለም።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እንግዲህ አሁን የምነግራችሁን ስነግራችሁ ከነውርደቴ ነው። ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። "ኧረ ቀልዷን ነው! የዛሬ ልጆች እኮ ከመቆረጥ ለማምለጥ የማይሉት የለም!" አልሁ።

እነሱም ሳቁ። ማመን የፈለጉት እኔን ነበርና ወዲያው አመኑኝ። አያ አለኸኝ "ወይ የዘመኑ ልጅ!" ብለው ምላጩን ወደ ትርንጎ ጉልበት አስጠጉ።

እስከዳር አንድ እርምጃ ተራመደችና ምላጩን ከነስለቱ በመዳፏ ጨብጣ ከእጃቸው መነጨቀችው። ደሟ በክንዷ ወረደ። ጭብጧን አልፈታችም። እነሱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችኝ። "እትዬ፣ አልቀለድኩም" አለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዳ ምላጩን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

አበባየሁ ልጇን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ምላጩ አልነካትም፤ ገላብጣ አየቻት፣ ደግማ አየቻት። ከዚያ እኔ ፊት መጥታ ቆመች። እስከዳርን ትሰድባለች ብዬ ስጠብቅ "እያወቅሽ ነው የሳቅሽው?" አለችኝ። "እሷስ ልጄን አተረፈችልኝ። አንቺን ግን እግዜር ይይልሽ" ብላ በሩን አሳየችኝ።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ሃና የእስከዳርን መዳፍ ሰፋችላት። ሲዲ ፎሯን፣ ማለት የሰውነት መከላከያዋን አቅም፣ ለካች፤ ቁጥሩ ወርዷል። የቀሩትን ክኒኖች ቆጠረችና "እስከዳር፣ እየዋጥሽ አይደለም" አለቻት።

"ማታ ማታ ይቀርብኛል" አለች። "ቤት ሰው ይሞላል። ጣሳውን ላነሳ ስል እትዬ በዓይኗ 'ቆይ' ትለኛለች። ሰዉ እስኪወጣ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

እውነቷን ነው። በዓይኔ 'ቆይ' እላታለሁ። አንድ ማታ አይደለም፣ ሁለት ማታ አይደለም። እኔ ወሬውን ፈርቼ መድኃኒቱን በጥጥ ሳፍን፣ መድኃኒቱ ሲቀርባት ሰውነቷ ሲደክም፣ ኪንታሮቱ ሜዳ ሲያገኝ፣ እኔ ደግሞ ጓሮ ወጥቼ በኮከብ ሳላክክ! ሰማዩ ምን በደለኝ? ሲስተር ሃና አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እትዬ ያለምወርቅ፣ ሰዓቷን ካከበረች የእጇ ሊቀንስ ይችላል፤ የግንባሯ ላይለቅ ይችላል። መኖር ግን ትኖራለች" አለችኝ።

ሰፈሩማ የሚጠበቅበትን አደረገ። ምሳ የሚበሉት የቢሮ ሰዎች በአንድ ቀን ሁሉም ጨጓራ ያዛቸውና ቀሩ። የተዋስሁት ትሪ "ሌላ ገዝተናል" ተብሎ ተመልሶ ተሰጠኝ። አያ አለኸኝ ደግሞ ዛሬ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ "እያንዳንዱ የራሱን ምላጭ ይዞ ይምጣ፤ የአያቴ ሕግ ነው" ይላሉ። አያታቸው ነፍሳቸውን ይማረው፣ ያን ሕግ ያወጡት ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አበባየሁ ለአምስት ወር አላናገረችኝም። ለመስቀል ትርንጎ በሳህን ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ ሳህኑን ወደ ኋላዋ ሸሸገችና "ለአንቺ አይደለም ተብያለሁ። ለእስከዳር ነው" አለች። ሁለቱ ጓሮ ቁጭ ብለው ባንድ ሳህን በሉት።

አብዛኛው ግን ኋላ የመጣ ነው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ምላጩ በተጣለ በዘጠነኛው ቀን የሆነውን ነው። የሰፈሩ ሰው ቢቀርም ሾፌሮቹ አልቀሩም፤ ሊማሊሞ ቦታውን አልቀየረማ። ማታ ላይ ቤቱ ግማሽ ያህል ሞላ። አንዳርጋቸው እንደ ልማዱ ጥጉን ይዟል። አንዱ ረዳት ሌላው ጆሮ ውስጥ እያንሾካሾከ እስከዳርን በአገጩ ሲያሳየው አየሁ፤ ወሬው ከመናኸሪያ ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ሆነ። እስከዳር ከጓዳ ብቅ አለች፣ አየችኝ። የለመደችውን ዓይን እየጠበቀች ነው። እኔ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድሁ። ጠርሙሱን አወጣሁ፣ ጥጡን መዝዤ ጣልሁት። በዚያ ሰፈሩን በጠዋት በሚቀሰቅሰው የጓሮ ድምፄ፣ ጮኽ ብዬ "እስከዳር! ሰዓትሽ ደርሷል፣ ነይ መድኃኒትሽን ዋጪ!" አልሁ።

ማንም ጉርሻውን ወደ አፉ አላደረሰም። እስከዳር መዳፏ በፋሻ እንደተጠቀለለ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ አልተቀበለችኝም። አፌን ነበር የምታየው። "ቀልዴን ነው" የምል እንደሆነ እየጠበቀች ነበር። ገባኝ። ጠርሙሱን በሁሉም ፊት ባንኮኒው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ክኒኖቹ ተንኳኩ። "አልቀለድሁም የኔ ልጅ" አልኋት። "ያን ቀንም አንቺ አልቀለድሽም። ይቅር በይኝ።"

አንድ ክኒን አውጥታ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ በብርጭቆ ውኃ ዋጠችው። በዚህ መሀል አንዳርጋቸው "ጎማ ልይ" ብሎ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ነበር። በሩን እንደያዘ ቆሞ አያት። ብርዱ ገባ፣ አንዱ "ዝጋው እንጂ" አለው። ዘጋውና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከካፖርቱ ኪስ በመሐረብ የተቋጠረች ትንሽ ዕቃ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ፈታት። የእስከዳርን የመሰለች የክኒን ጠርሙስ ነበረች።

"እስኪ ልጄ፣ ለእኔም ውኃ ጨምሪልኝ" አላት።

እስከዳር ብርጭቆውን ሞልታ ወሰደችለት። "ጋሼ፣ ጎማውስ?" አለችው።

"ጎማው ደህና ነው" አላት። "ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና ነበር።"